27 የጎደለው ካርድ

ሰኔ 30 ከሁለት ወገን የምፈለግበት ቀን ነው። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ በዚያን ዕለት ከጠረጴዛ መነሣት ያስቸግራል። ተንጠልጥሎ የከረመ ሰነድ ይወራረዳል፣ ካዝና ይቆጠራል፣ ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ተመላሽ ይሆናል። አባትም ነኝ። ልጄ የምትማርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ካርድ የሚሰጠውም በዚሁ ቀን ነው።

ይህ የእኔ ብቻ ችግር ቢሆን ባላነሣሁት። በየወረዳው፣ በየጤና ጣቢያው፣ በየቢሮው ስንት እናትና አባት ከልጃቸው መምህር ጋር በዓመት አንዴ ፊት ለፊት የሚገናኙበትን ቀን መዝገብ ላይ እንዳቀረቀሩ ያሳልፉታል። ካርዱን ጎረቤት ይቀበልላቸዋል፤ ካልሆነም ታላቅ እህት። ማታ ደክሟቸው ሲገቡ ለልጁ የሚቀርብለት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ «ስንተኛ ወጣህ?»

ዘንድሮ ኃላፊዬን አስፈቀድኩ። «ምሳ ሰዓት ሳያልፍ ተመለስ እንጂ ሂድ» አሉኝ። እሳቸውም ልጆች አሳድገዋል።

ክረምት በቀመሩ ሰኔ 26 ይገባል። ገና መግባቱ ቢሆንም በዚያ ጠዋት የእንጦጦ አናት በጥቁር ደመና ተሸፍኖ ነበር፤ ታክሲው ግማሽ መንገድ ሳይሄድ ዶፉ ወረደ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ጎርፉ አስፋልቱን ሞልቶ አገኘነው። ሾፌሩ መኪናውን ወደ ዳር አስጠግቶ «አያሳልፍም፤ ሕይወት ይበልጣል» አለና ሁላችንንም አወረደን። ውሳኔው ትክክል ነበር። ረዳቱም ከሁላችንም የተቀበለውን ሂሳብ አንድ በአንድ መለሰ፤ ለዚህ አመስግኜዋለሁ።

የአንድ ሱቅ ቆርቆሮ ጥግ ተጠለልን። አብረውኝ የቆሙት አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። የ8ኛ ክፍል ልጆች ነጭ ሸሚዛቸውን ጓደኞቻቸው ፈርመውበታል፤ ከአንገት እስከ ወገብ በሰማያዊና በቀይ እስክሪብቶ ስም፣ ልብ፣ «አትርሺኝ» የሚል ተጽፎበታል። ዝናቡ የነካው ፊርማ እየፈሰሰ ነበር። አንዲት ልጅ የስኳር ፌስታል ቀድዳ ደረቷ ላይ ለብሳለች። እሷ እየበረዳት ፊርማውን ታድናለች። በእኛ ጊዜ ለዚሁ ጉዳይ ኦቶግራፍ የሚባል ደብተር ነበር፤ ሸሚዙ ይሻላል ብዬ አስባለሁ፣ ስምንት ዓመት አብሮ የተማረ ሰው ስሙን ገላህ ላይ ሲያኖርልህ ይለያል። ራቅ ብለው የቆሙ ወንዶች ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ሌላ ነገር ይነጋገራሉ። ሰኔ 30 ዓመቱን ሙሉ የተያዘ ቂም የሚወራረድበት ቀን ሆኖ መኖሩን አዲስ አበባ ያደገ ሁሉ ያውቃል። «ሰኔ 30 እንገናኛለን» የሚለውን ዛቻ ያልሰማ የለም። በዚህ ምክንያት በየትምህርት ቤቱ በር ፖሊስ ይቆማል። ልጆች ካርድ የሚቀበሉበት ቀን የፖሊስ ጥበቃ የሚያስፈልገው መሆኑ ሁሌም ያሳዝነኛል።

ዝናቡ ጋብ ሲል በእግሬ ደረስኩ። በሜዳው ላይ የተተከለው ድንኳን ውሃ አቁሮ ተደርምሷል፤ ዝግጅቱ ወደ ምገባ አዳራሹ ተዛውሯል። ወላጅ በረዣዥሙ አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጧል፤ የበላዩ ቆርቆሮ በዝናቡ ይጮኻል። መብራት ጠፍቶ ስለነበር የሚኒ ሚዲያው ማጉያ አይሠራም። የ6ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች አስተዋዋቂ ወንበር ላይ ወጥታ፣ በሁለት እጇ አፏን ከልላ፣ መርሐ ግብሩን በሙሉ በጉሮሮዋ መራችው። ድምፅዋ እስኪዘጋ ድረስ አንድም መስመር አልዘለለችም። እንዲህ ያለ ልጅ ያለበት ትምህርት ቤት ተስፋ አይቆረጥበትም።

ርዕሰ መምህሩ ሪፖርት አቀረቡ። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ከተማ አቀፉን ፈተና ወስደዋል፤ ውጤቱ በክረምቱ ይነገራል። የመማሪያ መጻሕፍት ያልመለሰ ተማሪ ለቀጣዩ ዓመት አይመዘገብም። ችግኝ ተከላ በሐምሌ አለ። ምዝገባ በነሐሴ ነው፤ ሲመጡ የዘንድሮውን ካርድና ፎቶግራፍ መያዝ ያስፈልጋል። ትምህርት በመስከረም ይጀመራል። ይህን ሁሉ ወላጁ በዝምታ አዳመጠ። «የምገባ መርሐ ግብራችንም ከዛሬ ጀምሮ ለክረምቱ ይቋረጣል» ሲሉ ግን አዳራሹ ውስጥ መንሾካሾክ ተነሣ።

ስለዚህ ጉዳይ ትንሽ ልናገር። የከተማው አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ማብላት፣ የደንብ ልብስና ደብተር ማደል ጀምሯል። በዚህ ከተማ በሕይወቴ ካየኋቸው መልካም ሥራዎች ከፊተኞቹ ተርታ አስቀምጠዋለሁ። ራሱን ስቶ በሰልፍ ላይ የሚወድቅ ልጅ በእኔ ዘመን ብርቅ አልነበረም። ከጎኔ የተቀመጠች እናት፣ ጉሊት እንደምትሠራ በኋላ ነገረችኝ፣ ሦስት ልጆቿን በጣቷ ቆጥራ «ሐምሌና ነሐሴን እንዴት ነው የምሻገረው?» አለች። ለእኔ አልነበረም የተናገረችው። ከፊታችን ቆመው የነበሩ መጋቢ እናቶችም ለእነሱ ክረምቱ ያለ ሥራ የሚታለፍ ጊዜ እንደሆነ ይናገሩ ነበር። ክረምት ለአንዱ ልጅ እረፍት ነው፤ ለሌላው ረሃብ የሚመለስበት ወቅት ነው። ቢያንስ የክረምት ትምህርት በሚሰጥባቸው ግቢዎች ውስጥ ምድጃው ሳይጠፋ ቢከርም ምኞቴ ነው።

ከዚያ ሽልማቱ መጣ። ከየክፍሉ ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡት እየተጠሩ ደርዘን ደብተር፣ እስክሪብቶና መዝገበ ቃላት ተቀበሉ። እልልታው ቀለጠ። የደከሙ ልጆች መመስገናቸው ተገቢ ነው፤ ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩ። ነገር ግን በአንድ ክፍል ውስጥ 47 ልጆች አሉ። ሦስቱ ሲጠሩ አርባ አራቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ያያሉ፤ ዓመቱን ሙሉ ስለ እነሱ የተነገረ ነገር ቢኖር በዚያች በታጠፈች ካርድ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

የልጄ ካርድ 14ኛ ይላል። ስምንት ትምህርት ተዘርዝሯል፦ አማርኛ 88፣ እንግሊዝኛ 79፣ ሒሳብ 84፣ አካባቢ ሳይንስ 90፣ ግብረ ገብ 93፣ የክወናና የእይታ ጥበባት 86፣ ስፖርት 91፣ አፋን ኦሮሞ 85። ድምር 669፣ አማካይ 83.6። ልጄ ከሥር ሆና «አባዬ፣ ተዛወርኩ?» ትለኛለች፤ ተዛውራለች። ዓይኔ ግን ድምሩ ላይ ቀረ። የቁጥር ረድፍ ሳይ መደመር ሥራዬ ነው፤ ስደምረው 696 መጣ። ልዩነቱ 27 ነው። በሂሳብ ሥራ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ዘዴ አለ፦ ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሁለት አኃዞች ቦታ መለዋወጣቸው ነው። 27 ለ9 ሲካፈል 3። 696 ሲገለበጥ 669 ተብሎ ተጽፏል ማለት ነው።

ወረፋ ይዤ ለክፍል ኃላፊዋ አሳየኋት። ወጣት መምህርት ናት። የክፍሉን ውጤት የያዘውን ሮስተር ዘረጋችው፤ ያ ትልቅ ወረቀት ጠረጴዛውን ሙሉ ሸፍኖ ወደ ሁለት ጎን ይንጠለጠላል። በጣቷ የልጄን ረድፍ ተከትላ ድምሩ ጋ ስትደርስ ፊቷ ተለወጠ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «ሌሊት ነው የሠራሁት፤ መብራት አልነበረም።»

«ምንም አይደለም፣ መምህርት። ይስተካከላል።»

«የእርስዎ ልጅማ ትስተካከላለች፤ 9ኛ ነው የምትሆነው። ከ9ኛ እስከ 13ኛ ያሉት አምስቱ ልጆች ግን አንዳንድ ደረጃ ይወርዳሉ። ካርዳቸውን ይዘው ሄደዋል እኮ!»

እዚህ ላይ ነው የቆምኩት። ተገልብጦ ስለተጻፈ አንድ ቁጥር አምስት ቤት ውስጥ ዛሬ ማታ የሚነገረው ዜና ስህተት ነው። ማንም ልጅ ከትናንት የበለጠ ወይም ያነሰ አላወቀም። ሰነፍ የሚባለውም ጎበዝ የሚባለውም በዚህች ጠባብ ልዩነት ላይ ነው። መምህርቷን ልወቅሳት አልቻልኩም። 47 ተማሪ፣ ስምንት ትምህርት፣ ሁለት መንፈቅ ዓመት፤ ይህ 752 ቁጥር ነው፤ ድምሩ፣ አማካዩና ደረጃው ሳይጨመር። በእኛ መሥሪያ ቤት ይህን የሚያህል መዝገብ አንዱ ሠርቶ ሌላው ሳያረጋግጥ አይወጣም። እሷ ግን ፈተና አርማ፣ ማርክ አሰባስባ፣ ሮስተር ሠርታ፣ ካርድ ጽፋ የምታስረክበው በጥቂት ቀናት ውስጥ ብቻዋን ነው። ሮስተሩን እንድታስተካክል፣ የአምስቱንም ካርድ በነሐሴ ምዝገባ ጊዜ በርዕሰ መምህሩ ማህተም እንድትለውጥ ተስማማን።

ማህተሙ እስኪመጣ ስጠብቅ ካርዱን ገለበጥኩት። «የመምህር አስተያየት» በሚለው መስመር ላይ «በርቺ» ተብሎ ተጽፏል። ከጎኔ ያለችው እናት ካርድ ላይም «በርታ» ይላል። ከፊቴ ያለውም «በርታ»።

«መምህርት፣ ስለ ልጄ ካርዱ ላይ ያልተጻፈ የሚነግሩኝ ነገር አለ?» አልኳት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠችና ቀና አለች። «ስሌት ላይ ፈጣን ናት። ጥያቄው በታሪክ መልክ ሲመጣ ግን እስከ መጨረሻው አታነብም፤ ቁጥሮቹን ፈልጋ ትደምራቸዋለች። ‹ስንት ቀረ› ቢላትም ትደምራለች። ማንበብ ያደክማታል። ክረምቱን አጠገብዎ አስቀምጠው ጮክ ብላ እንድታነብ ያድርጓት፤ ያነበበችውን በራሷ አነጋገር ትንገርዎት።»

ዓመቱን ሙሉ ስለ ልጄ የሰማሁት ቁም ነገር ይህ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ደብተሯን አያለሁ፣ የቤት ሥራዋን እፈርማለሁ፤ 84 የሚለው ቁጥር ይህን ሊነግረኝ አይችልም ነበር። ተጨማሪ ልጠይቃት ስል ከኋላዬ ወረፋው አጉረመረመ፤ ትክክል ነበሩ፣ ሁሉም ወደ ሥራው ይቸኩላል። ተነሣሁ።

ጉዳዩ ከእኔ ቤት ይሰፋል። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተካሄደ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 34ቱ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ታይቷል። በጥር 2015 ዓ.ም. ደግሞ የትምህርት ሚኒስቴር የ12ኛ ክፍልን ውጤት ሲገልጽ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። አገሩ ሁሉ ደነገጠ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ያላለፉት እነዚያ ልጆች ሁሉ አሥራ ሁለት ጊዜ ካርድ ይዘው ቤት ገብተዋል። በየዓመቱ «ተዛውሯል»፣ «በርታ» የሚል ወረቀት ወላጅ ፈርሞበታል። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ሰው «ይህ ልጅ የሚያነበው አይገባውም» ብሎ በዚያች ባዶ መስመር ላይ ቢጽፍ ኖሮ ብዙዎቹን በጊዜ መርዳት ይቻል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ቢሮ ስገባ ምሳ ሰዓት አልፏል፣ ልብሴም አልደረቀም፤ ሂሳቡን የዘጋነው ሲመሽ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ማታ ማታ ልጄ ጮክ ብላ ታነባለች፤ የገባትን ትነግረኛለች። አንዳንዴ ይደክማታል፤ ያኔ አንድ አንቀጽ እኔ አነባለሁ።

መዝጊያው በዓል ሰኔ 30 ይሁን፤ ድንኳኑም፣ ሽልማቱም ያምራል። ካርድ ግን ከሐምሌ መጀመሪያ ቅዳሜዎች በአንዱ፣ ለእያንዳንዱ ወላጅ አሥር ደቂቃ ተመድቦ ይሰጥ። መምህሩ ሮስተሩን የሚሠራበት፣ ሌላ መምህር የሚያመሳክርበት ሳምንት ይኑር። ለአርባ ሰባት ልጅ «በርታ» ከመጻፍ ለእያንዳንዱ አንድ የራሱን ዓረፍተ ነገር መጻፍ የሚቻለው ያኔ ነው። ይህን መወሰን የሚችለው ሩቅ ያለ አካል አይደለም፤ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረቱ (ወተመህ) ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋግሮ ሊያስጀምረው ይችላል። በነሐሴ ልጆቻችሁን ለማስመዝገብ የምትሄዱ ወላጆች፣ ምዝገባው ካለቀ በኋላ ወተመህ ቢሮ ጎራ በሉና በጽሑፍ ጠይቁ። እኔ ለልጄ ትምህርት ቤት ደብዳቤዬን ሐምሌ ላይ አስገብቻለሁ።