ራሰ በራም ይበራል

ቴዎድሮስ አደባባይ፣ መድፉ ሥር ቆሞ በሰው ሕይወት ላይ የሚፈርድ ዳኛ ጠፍቶ አያውቅም። ዛሬም አንዱ ቆሟል። «ሰማችሁ? በ38 ዓመቱ ፓይለት እሆናለሁ ይላል! ፀጉሩ አልቆ!» ኑ፣ ጠጋ በሉ፣ እናንተው ፍረዱ። አዎ፣ ሰውየው ራሰ በራ ነው። ራሱ የበራለት ሰው ካልበረረ ማን ይብረር? አንተ ፀጉርህ ሙሉ ነው፤ መብራቱ ግን ጠፍቷል።

«ዕድሜው አልፏል» አልክ። እስቲ ቀና በል። ከአናትህ በላይ ያለው ሰባስቶፖል ነው። አፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1867 ጋፋት ላይ ሲያስቀልጡት ዕድሜያቸው ሃምሳን ሊደፍን ምንም አልቀረውም። «አርጅቻለሁ፣ መድፉ ለልጆች ይሁን» አላሉም። ደግሞ እዚህ የቆመው አምሳያው ነው፤ ዋናው መቅደላ ነው። ክርክርህም እንደዚሁ ነው፤ መልኩ መድፍ፣ ተኩስ የለው።

«ተምሮ ሲጨርስ ጡረታው ይደርሳል!» ቁጥር ጠራህ? እንቁጠር። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ደንብ የአየር መንገድ አብራሪ ባለ ሁለት አብራሪ አውሮፕላን ላይ እስከ 65 ዓመቱ መሥራት ይችላል። እስከ እ.ኤ.አ. 2006 ድረስ ጣሪያው 60 ነበር፤ አንተ በዚያን ጊዜ የሰማኸውን ወሬ ነው እስካሁን የምታበርረው። ሰውየው በ38 ይጀምር፤ ሥራውን ሳይለቅ አራት ዓመት ይፍጅበት፤ 42። ሃያ ሦስት ዓመት ይተርፈዋል። አንተ ሃያ ሦስቱን ዓመት «ከፋሲካ በኋላ እጀምራለሁ» ስትል ጨረስካቸው።

«ዘግይቶ መነሳት!» ትላለህ። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ከቆላ ይልቅ ረጅም ተንደርድሮ ነው የሚነሳው። ብዙ መንደርደር ነውር ቢሆን ቦሌ በተዘጋ!

«የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአብራሪዎች ትምህርት ቤት አይቀበለውም።» እሰይ! አንድ እውነት አመለጠችህ። ማስታወቂያው የዕድሜ ጣሪያ አለው። ወጣቱን ከዜሮ ይወስዳል፣ ሙሉ ቀን ያስተምራል፣ በአገልግሎት ውል ያስረዋል። ለ22 ዓመት ልጅ ከዚህ የሚሻል መንገድ አላውቅም፤ ዛሬውኑ ይመዝገብ። ግን አንድ በር ስለተዘጋ ቤቱ ፈረሰ ማለት ነው? ፒያሳ ስለቆምክ ሁሉም ነገር የፈረሰ ይመስልሃል!

የጎልማሳው መንገድ ክፍል በክፍል ነው። መጀመሪያ የግል አብራሪነት ፈቃድ፤ ዝቅተኛው 40 የበረራ ሰዓት። ከዚያ ሰዓት ማጠራቀም፣ በደመና ውስጥ በመሣሪያ ብቻ መብረር፣ ባለ ሁለት ሞተር፣ ወደ 200 ሰዓት ሲደርስ የንግድ አብራሪነት ፈቃድ። ዕቁቡ ሲወጣለት አንዱን ክፍል ይከፍላል፤ ሲያልቅበት ቆም ይላል፤ ደመወዙ አይቋረጥም። ቤት ሸጦ ሙሉውን በአንድ ጊዜ ለትምህርት ቤት የሚያስረክብ ጎልማሳ ካየህ ያኔ ጩህ፤ እኔም አብሬህ እጮኻለሁ። እስከዚያው ግን አንተ ያላየኸውን ሲሚንቶ አየር በአየር ስትሸጥ ማን ፈቃድ ጠየቀህ?

«መነፅሩስ?» መነፅር አይከለከልም፤ በመነፅሩ በደንብ ካየ ያልፋል። ዋናው ነገር ለትምህርቱ አንድ ብር ሳይከፍል የአንደኛ ደረጃውን የሕክምና ምርመራ ማለፉ ነው። ደም ግፊቱ ይለካል፣ ጆሮው ይፈተሻል፣ ልቡ በኢሲጂ ይታያል። ልቡን ማሽን ይየው እንጂ አንተ «ልቡ አብጧል» ስላልክ አይወድቅም።

አሁን ዋናዋን ጥይት አወጣህ፦ «ልጁ የሚያክል ካፒቴን ሊያዘው!» አዎ፣ ያዘዋል! እሱም «እሺ ካፒቴን» ይላል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ጎልማሳ የሚሰናከለው፤ ከገንዘቡም ከዓይኑም ይልቅ። በእኛ አገር ለታላቅ ከወንበር ይነሳል፣ ውኃ ይቀዳለታል፤ አውሮፕላን ውስጥ ግን ሥልጣን በሽበት አይደለም። ልጁም ቢሆን አንቱ እያለ ይዘዘው፣ ምንም አይጎድልበትም። ሰውየው ይህን ዛሬውኑ ከተቀበለ ግማሹን መንገድ ሄዷል። አንተ ማንም አያዝህም፤ የሚያዝህ ሥራ ስለሌለህ ነው!

«አሜሪካ ፓይለትነት የሚማረው ዘመዴስ ይኸው ስንት ዓመቱ፣ ገና ነው!» ገና የሆነው ስለሰነፈ አይደለም። የአየር መንገድ አዛዥነት ፈቃድ 1,500 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል፤ አሜሪካ ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 2013 ወዲህ ከረዳት አብራሪውም ይህንኑ ፈቃድ ትፈልጋለች፤ ጥቂት ቅናሽ ያላቸው ትምህርት ቤቶች ቢኖሩም። ስለዚህ ዘመድህ የበረራ መምህር ሆኖ ሌላውን እያስተማረ፣ እየተከፈለው ሰዓቱን ይሞላል። ብልህ ነው! አገር ቤት ሲገባ ፈቃዱን ማስለወጥ እንዳለበትም ከወዲሁ ይጠይቅ። አንተ እዚህ ድንጋይ ላይ 1,500 ሰዓት ከሞላህ ስንት ጊዜህ፤ የቱ አገር ፈቃድ ሰጠህ?

«አቦ ተዉት፣ ይልቅ አርፎ ይቀመጥ!» አልክ? ይህችን ነበር የምጠብቃት። ማረፍማ ሊማር አይደል የሚሄደው! ጀማሪ ተማሪ ከመምህሩ ጋር ቀኑን ሙሉ ይነሳል፣ ያርፋል፣ ይነሳል፣ ያርፋል። ለማረፍ ግን መጀመሪያ መነሳት አለበት። አንተ ሳትነሳ ነው ያረፍከው፤ ነፍስ ይማር!