ሳምቡሳና ሰርተፊኬት

ድሬዳዋ ነጋዴ ቸገራት አሉ። አይፈረድባትም! በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲገባላት ከሐዲዱ ጎን የበቀለች፣ ቀፊራን፣ አሸዋንና ታይዋንን ያለ አንድ ቀን ስልጠና ያቆመች ከተማ ስለ ንግድ ምን ታውቃለች? ደግነቱ ጥቃቅንና አነስተኛ ደረሰላት።

አሠራሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ ትደራጃለህ። ብቻህን ስትሠራ ከዋልክ ሥራ ፈት ነህ፤ አምስት ሆናችሁ ሳትሠሩ ከዋላችሁ ግን «ኢንተርፕራይዝ» ናችሁ። ከዚያ ቃለ ጉባኤ፣ ማህተም፣ ቲተር። ማሽን በሊዝ ካማራችሁ 20 በመቶውን ቆጥቡ፣ 80ው ይሞላላችኋል። ገንዘብ የሌለው ገንዘብ እንዲያገኝ አስቀድሞ ገንዘብ ይኑረው ነው ነገሩ፤ ያልገባው ስልጠናውን ይድገም። በ2009 ለወጣቶች 10 ቢሊዮን ብር ተመደበ፤ ስሙ «ተዘዋዋሪ ፈንድ» ነበር። በእኛ ሰፈር በኩል ሲዞር ያየ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። በነሐሴ 2014 ደግሞ ነጻ የንግድ ቀጠና ተመረቀልን። አጥር አለው፣ ዘበኛ አለው፤ ነጻነት እንዲህ ሲጠበቅ ደስ ይላል።

ባለፈው አንድ ስልጠና ላይ ተገኝቼ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት እናት በቀፊራ ሳምቡሳ ጠብሰው ልጆች ያሳደጉ ናቸው። ሒሳባቸው በሻሻቸው ጫፍ የተቋጠረ ነው፤ ዱቤ የወሰደውን ሁሉ በቃላቸው ይዘውታል። አሰልጣኙ በፓወር ፖይንት «ጥንካሬ፣ ድክመት፣ መልካም አጋጣሚ፣ ስጋት» ብሎ አራት ሳጥን ከፈተ።

«እማማ፣ የእርስዎ ስጋት ምንድነው?»

«ደንብ አስከባሪ።»

«እሱን እንለፈው። ድክመትዎስ?»

«አቦ፣ እዚህ መቀመጤ! ሊጡ ቤት ውስጥ እየኮመጠጠ ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። አሰልጣኙ ግን ሳይከፋ «የሰዓት አጠቃቀም» ብሎ ጻፈላቸው።

የሻይ ሰዓት ሲደርስ ሳምቡሳ ቀረበ፤ ከትልቅ ሆቴል የመጣ፣ በናፕኪን የተጠቀለለ። ለምን ከእሳቸው እንዳልተገዛ አስተባባሪውን ጠየቅኩት። ተገረመብኝ። «ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ ነው እኮ የተገዛው! እሳቸው የት ደረሰኝ አላቸው?» ልክ ነው። የአነስተኛ ነጋዴ ስልጠና በአነስተኛ ነጋዴ ሳምቡሳ ቢካሄድ ኦዲተር ምን ይላል?

እማማ አንዱን አንስተው ገመጡ፤ አላመጡ፤ ወደ ሳህኑ መለሱት።

«የትናንት ነው» አሉኝ በሹክሹክታ።