አቀበቱ ለባል፣ መሪው ለሚስት

ከአውሮፓውያን ወግ ሁሉ አብልጬ የማደንቀው ባልና ሚስት በሐምሌና በነሐሴ ብስክሌት መኪና ላይ ጭነው የሚወጡትን የተራራ ሽርሽር ነው። ባል ከሁሉ አስቀድሞ ብስክሌቷን ይገዛል። ደህና ያገለገለ መኪና በሚገዛ ገንዘብ ሰባት ኪሎ የማትሞላ ብስክሌት ያገኛል፤ በቀለለች ቁጥር ትወደዳለች። ከዚያ ይህችን ሰባት ኪሎ ካገሩ ከኔዘርላንድስ ሰሜን ጣሊያን ለማድረስ ሁለት ቶን መኪና ይነሣል። ጀርመንን ያቋርጣል፣ ለኦስትሪያ አውራ ጎዳና ይከፍላል፣ ነዳጅ እየጠጣ ተራራው ሥር ያለችው ፕራቶ ይደርሳል። ንጹሕ አየር እንዲህ በቀላሉ አይገኝም።

ከፕራቶ ወደ ስቴልቪዮ የተራራ መተላለፊያ የሚወጣው መንገድ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጫፉ ከባሕር ወለል 2757 ሜትር ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ የኦስትሪያ መንግሥት ያሠራው ሎምባርዲያን ከቀረው ግዛቱ ጋር ለማገናኘት ነበር። መሐንዲሱ ካርሎ ዶኔጋኒ በዚህ በኩል ብቻ 48 መታጠፊያ ያበጀለት ሠረገላ የሚጎትት ፈረስ አቀበቱን እንዲችለው ነው። ዛሬ ፈረሱ አርፏል። ከፍሎ የሚተካው ሰው ተገኝቷል።

ሥራው እንግዲህ ይከፈላል። ባል ይጋልባል፤ ሚስት ትዝናናለች። መኪናው ውስጥ የባል ጃኬት፣ የባል ሙዝ፣ የባል ውሃ፣ የባል ትርፍ ካላማዳሪ አለ። የእሷ መጽሐፍም አለ፤ በየዓመቱ አልፕስን ይጎበኛል እንጂ ተገልጦ አያውቅም። 48 ጊዜ መሪ መጠምዘዝማ ምን ድካም አለው? ከፊቷ ባንድ ዙር መታጠፍ ያቃተው ካምፐር ወደ ኋላ ይመጣባታል፣ ከኋላዋ ሞተር ብስክሌቶች ያጓራሉ፣ ከጎኗ ገደል ነው። ይህን ሁሉ አልፋ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ቀድማ መቆም አለባት፤ ጌታው ሲደርስ ፎቶ ይነሣልና። ፎቶውም ይመረመራል። የመታጠፊያው የቁጥር ሰሌዳ አልወጣም። ቦርጩ ግን ወጥቷል። ይደገም!

እ.ኤ.አ. በ1953 በጣሊያን ዙር የብስክሌት ውድድር በጂሮ ዲታሊያ ፋውስቶ ኮፒ ሁጎ ኮብሌትን ጥሎ የሄደው በዚሁ አቀበት ነው፤ የመሪውን ሮዝ ማሊያም ነጥቆታል። የእኛ ጀግና ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ነው፤ የልብ ምቱን ይቆጥራል፣ ስትራቫ በሚባለው የስፖርተኞች መተግበሪያ ላይ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ይፎካከራል። በዚህ መሐል ባለ ባትሪ ብስክሌት ላይ ቀጥ ብለው የተቀመጡ፣ ቅርጫታቸው ውስጥ ውሻ የያዙ አሮጊት ሰላም ብለውት ያልፋሉ። ይህ ስትራቫ ላይ አይመዘገብም።

ጫፍ ላይ ደግሞ ሰው የማይደርስበት የተራራ ጸጥታ ይጠብቀዋል፦ የቋሊማ ጭስ፣ የማቀዝቀዣ ማግኔት፣ የተራራው ስም የታተመበት ማሊያ፣ የመኪና ማቆሚያ ሽሚያ። ከፍታው የተጻፈበት ምልክት ሥር ለመቆም ሰልፍ አለ። ሰልፉን የያዘችለት ሚስት ናት፤ ከማን ጋር ትወዳደራለች፣ ቀድማ ደርሳለች።

መቼም የወጣ ይወርዳል ትላላችሁ። ቁልቁለቱ ይበርዳል፣ ፍሬን ሲይዙም ጣት ይደነዝዛል። ስለዚህ ብስክሌቷ ተመልሳ መኪናው ላይ ትወጣለች፤ ጀግናው ጃኬቱን ደርቦ ማሞቂያውን ከፍቶ ያንቀላፋል። 48ቱን መታጠፊያ ሁለተኛ ጊዜ የሚዞራቸው ማን እንደሆነ አልነግራችሁም። ማታ ሆቴል ውስጥ «ስቴልቪዮን ድል አደረግነው» ብሎ ይለጥፋል። በፎቶው ላይ ያለው አንድ ሰው ነው።

ሚስት ለከርሞ ባሕር ዳር ካልሆነ ብላለች። ባልም ሳያንገራግር ተስማምቶ የስፔኗን ደሴት ማዮርካን መርጧል። እዚያ ሳ ካሎብራ የሚባል ውብ የባሕር ዳርቻ አለ፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ባሕሩ ይወርዳል፣ የሚመለሱትም በዚያው በመጡበት ሽቅብ ነው። ወደ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል አቀበት። ይህን ገና አልነገራትም።