እሪ በከንቱ፣ ጳጉሜ 1

የተወለድኩት እሪ በከንቱ ነው። ሰፈሬ ስሙን አወረሰኝና ዕድሜዬን በሙሉ እሪ ስል፣ የሚሰማኝም ሳጣ ኖርኩ። ዛሬ ደግሞ በማን ላይ ነው ትሉኝ እንደሆን፣ በስልክ ላይ ነው።

የልጅ ልጄ ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ ስልኩን ይከፍታል። ገና ውዳሴ ማርያሜን ሳልጨርስ «አባባ፣ ዛሬ በሙዚቃ ታሪክ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» ይለኛል። «አንተ» ነው የሚለኝ። እኔ አያቴን «እርስዎ» ሳልል ውሃ እንኳ አቀብዬ አላውቅም። ግን ይሄ ሌላ ለቅሶ ነው፣ ለሌላ ቀን ይቆየን።

የማወራላችሁ ዕለት ጳጉሜ 1 ቀን 2016 ነበር። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ጉልበቴን ይቆረጥመኛል። «ዛሬ ሴፕቴምበር 6 ነው» አለ ልጁ፤ «የፒንክ ፍሎይዱ ሮጀር ዋተርስ በ1943 የተወለደበት፣ ፓቫሮቲ በ2007 የሞተበት።» ፓቫሮቲን እንኳ አውቀዋለሁ፤ ያ ባለጺሙ፣ መሐረብ የማይለየው ግዙፍ ጣሊያን። የሞተው በእኛ ጳጉሜ 1 ቀን 1999 ነው፤ እኛ ለሚሊኒየማችን ሽር ጉድ ስንል፣ ሳምንት እንኳ ሳይቀረን። ነፍሱን ይማር። ያኛውን ግን «ፒንክ» ሲለኝ ስለ ቀለም ፋብሪካ የሚያወራ መስሎኝ ነበር።

«ከኛ አገርስ?»

ጣቱን ወደ ላይ ወደ ታች አንሸራተተና «ከኛ ምንም የለም» አለኝ።

ምንም የለም! እስቲ ፍረዱኝ። በዚህችው ቀን፣ ጳጉሜ 1 ቀን 1916፣ አርባ የአርመን ልጆች አዲስ አበባ ገብተዋል። በቱርክ ምድር ወገናቸው አልቆ፣ እናት አባት የሌላቸው ሆነው ኢየሩሳሌም በአርመን ገዳም ያደጉ ናቸው። ራስ ተፈሪ በዚያ ዓመት ጉዟቸው ላይ ሙዚቃቸውን ሰሙ፣ ወደዱት፣ ልጆቹን እንዳሉ አመጧቸው። የመንግሥት የማርሽ ባንድ ሆኑ። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ይባላል፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ንጉሡ ዘውድ ሲጭኑ የተሰማው የብሔራዊ መዝሙር ዜማ የሱ ነው፣ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ። የወንድሙ ልጅ ንርሰስ ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር የምንለው ቤት ውስጥ ጭምር ኦርኬስትራ ሲያስተምር ዕድሜውን ፈጀ። ከዚያ ወዲህ በክብር ዘበኛ በሉት በፖሊስ ሠራዊት፣ ትሩምፔት የነፋ ሁሉ የነዚያ አርባ ልጆች ዕዳ አለበት።

ታዲያ ቀኗ ለምን ተረሳች? እኔ እንደሚመስለኝ ጥፋቷ ጳጉሜ ላይ መዋሏ ነው። ጳጉሜን ማን ይቆጥራታል? ወር ናት ይሏታል፣ ደሞዝ አይከፍሉባትም። ሠላሳ አምስት ዓመት ተቀጥሬ ስሠራ ለጳጉሜ አምስት ሳንቲም አላየሁም፤ ሆዴ ግን አንድም ጳጉሜ አርፎ አያውቅም። ሰው በሩፋኤል ዝናብ ተጠምቆ፣ የበግ ዋጋ ጠይቆ ተደናግጦ፣ እንቁጣጣሽን መጠበቅ ነው። ባለፉት ዓመታት ደግሞ መንግሥት ለጳጉሜ ቀኖች በየተራ ስም ያወጣላቸዋል። እሰየው! ግን ስም አውጪው ዞር ብሎ «እዚች ላይ ማን ገብቶ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ነበረበት?

ዘፋኙ ጥላሁን ገሠሠ ብልህ ነበር፤ ቀን መምረጥ ያውቅበታል። የተወለደው መስከረም 17 ቀን 1933፣ የመስቀል ዕለት። ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001፣ የፋሲካ ዕለት። በመስቀል መጥቶ በፋሲካ የሄደን ሰው ማን ይረሳዋል? ቅርጫ በተካፈልን ቁጥር ትዝ ይለናል። አርባዎቹ ልጆች ግን ምን ያድርጉ፣ ባንድ እንጂ ካሌንደር አልያዙም።

እኔም ብሆን ዝም ብዬ አይደለም የምንጫጫው። በ1961 የ19 ዓመት ጎረምሳ ሆኜ ፒያሳ አንድ ሙዚቃ ቤት ሸክላ አባሽ ነበርኩ። ሥራ ነው ብላችሁ አትሳቁ። ሸክላውን በሁለት መዳፍ ጠርዝ ጠርዙን ይዞ፣ በከፋይ ጨርቅ ዙሪያውን እየተከተሉ መጥረግ ነው፤ ጣት ካረፈበት ባለቤቱ ጆሮዬን ይዞ ያዞረኛል። መርፌው ሲወርድ መጀመሪያ ሽንኩርት እንደሚጠበስበት ድስት ቸስ ይላል፣ ከዚያ ጥሩምባው ይመጣል። በር ላይ የሰቀልነው ድምፅ ማጉያ መንገዱን ሁሉ ይዞት ነበር። ሊስትሮዎቹ ሣጥናቸውን በብሩሽ ሲመቱ «እግር ቀይር» ማለታቸው ነው አይደል? ዘፈኑ ሲሞቅ ግን ምቱን ተከትለው ሣጥኑን ሲደልቁት ባለጫማው ግራ ይገባውና ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ እያለ ሳይወድ በግዱ ይጨፍራል። ኮት የለበሰ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ እንዲያ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ።

ያን ጊዜ ሸክላ ማሳተም በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ማኅበሩ ደግሞ ሸክላውን ከማሳተም ይልቅ አዋጁን መጠበቁ ይቀለው ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል የ24 ዓመት ልጅ ተነሳና «የመጣው ይምጣ» ብሎ የፖሊስ ኦርኬስትራውን ዓለማየሁ እሸቴን አስዘፍኖ፣ ህንድ አገር አሳትሞ አመጣ። አራዳ ማለት እንዲህ ነው፤ ዛሬ ሱሪውን ዝቅ ያደረገ ሁሉ አራዳ ነኝ ይላል። ያ ሸክላ ሱቃችን የገባበት ቀን በዓል መሆን ነበረበት። ስንቱን ሸክላ ጠርጌያለሁ፤ መሐሉ ላይ የዘፋኙ ስም አለ፣ የባንዱ ስም አለ፣ ቁጥር አለ። ቀን የለም። ፈረንጅ ዘፋኙ ያስነጠሰበትን ሰዓት ይመዘግባል፤ እኛ ዓመቱን ከጻፍን «ምን ያህል ጠንቃቃ ነው» እንባላለን። አምሃም ዓለማየሁም በአንድ ዓመት፣ በ2013 ሞቱብን።

የሆነው ሆኖ ያን ጠዋት ተቆጣሁና ለሁለት ጓደኞቼ ደወልኩ፤ «መቶ ዓመት ሞላ፣ ፒያሳ ኑ!» «የምኑ መቶ ዓመት?» አሉኝ። «ኑና እነግራችኋለሁ።» ከኮንዶሚኒየሜ ፒያሳ ለመድረስ ሁለት ታክሲ ነው። ልጁንም ደግፎ እንዲወስደኝ ይዤው ሄድኩ። አንድ ሸክላም በጋዜጣ ጠቅልዬ በጋቢዬ ሥር ይዣለሁ።

አርባ ዓመት ማኪያቶ የጠጣሁባት ቤት የለችም። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ አብራ ሄዳለች። በቦታዋ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ አበባ፣ መብራት ሆኗል። ያምራል፣ አልዋሽም። ግን ለአበባ ማኪያቶ ይታዘዛል እንዴ? አግዳሚ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። አንዱ ጓደኛዬ ጉዳዩን ሲሰማ «ከአለቃቸው ጋር ከሆነ አርባ አንድ ናቸው» ብሎ ክርክር ጀመረ፤ ሌላው መስማት ስለተሳነው «የማን አርባ ነው? መቼ ሞተ?» ይላል።

ሸክላውን አወጣሁ። ማጫወቻ የለም። ሦስት ሽማግሌ አንዲት ጥቁር ሳህን እያገላበጥን ስናይ ልጁ አሳዘንነው መሰለኝ፣ ከላዩ ስሙን አነበበና ስልኩ ላይ ጻፈው። ወዲያው ዘፈኑ መጣ! ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ በ1990 ግድም ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» ብሎ በተከታታይ ሲዲ ካወጣቸው አንዱ ነው አለኝ። እኔ የጠረግኩትን ፈረንሳዊ ሸጠው ማለት ነው። ድምፁ ቀጭን ነው፣ ቸስ የሚለው ነገር የለውም፣ ጥሩምባው በአፍንጫው የሚዘፍን ይመስላል።

«ጨምረው» አልኩት ብቻ።

ጨመረው። ከአግዳሚው አጠገብ ጃንጥላ ሥር የተቀመጠ ሊስትሮ፣ ዕድሜው ከልጁ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም፣ ቀና አላለም። ብሩሹ ግን ሣጥኑን መታ፣ ደገመ፣ ሰለሰ። ክራባት ያሰረው ደንበኛው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ ቀኝ እግሩን አውርዶ ግራውን ሰቀለ፣ ግራውን አውርዶ ቀኙን ሰቀለ።