ስለ ማቆሚያ ክፍያና ስለ ግብይት፦ በአህያ ላይ የተመሠረተ ጥናት

የከተማ አስተዳደር የማቆሚያ ክፍያ በጀመረ ቁጥር ነጋዴው «ገበያተኛዬን አባረራችሁብኝ» ይላል። አቤቱታው አዲስ አበባም ለንደንም አንድ ነው። ክርክሩ እስከ ዛሬ እልባት ያጣው በመኪና ላይ ብቻ ስለተጠና ይመስለናል። መኪና ለእንዲህ ያለ ምርምር አይመችም፤ ቆሞ ሲውል አይርበውም፣ አያናፋም፣ የሰው ገብስም አይበላም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ አህያ መመለስ ግድ ሆኗል። የጥናቱ ክልል ከአቀስታ እስከ መካነ ሰላም ያለው የደቡብ ወሎ ደጋ፣ ጊዜውም የገበያ ቀን ነው።

በገበያ ቀን አህያ በሦስት ዓይነት ትቆማለች፤ ታስራ፣ ግቢ ገብታ ወይም በልጅ ተይዛ።

ታስራ የምትቆመው የፊት እግሮቿ በገመድ ተጠፍረው ገበያው ዳር ትተዋለች። ክፍያ የለውም። ባለቤቷ አቁሜያታለሁ ብሎ ያምናል፤ እሷ ግን ጉዞው አለቀ ብላ አታምንም። ሁለት እግሯን አንድ ላይ እያነሳች፣ ማንም ሳያያት የምትደርስበት ርቀት የሚያስገርም ነው። ሰውዬው ከጨው ተራ ሲመለስ ቦታዋ ላይ የለችም፤ ሲያገኛት ደግሞ እንደታሰረች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆና ነው። ስለዚህኛው ዓይነት ይህ ይበቃል።

ግቢ የምትገባው አህያ ከፋይ ናት። ገበያው አጠገብ ቤት ያላቸው እትዬ ጠዋት የአጥሩን በር ይከፍታሉ፤ ረፋድ ላይ ግቢው ጢም ይላል። ካርኒ የለም፣ ቁጥር የለም። አህያው ሁሉ ግራጫ ሆኖ ሳለ «የእርስዎ ከማድቤቱ ጥግ ናት» ብለው ያስረክባሉ፤ ተሳስተው የሰው አህያ ሰጡ ሲባል አልተሰማም። ዋጋው አንድ ነው፤ ተሲያት ላይ የወጣም ሲመሽ የወጣም እኩል ይከፍላል። ፋንድያው ለግቢው ይቀራል። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የመስቀል አደባባይ የምድር ውስጥ ማቆሚያ 1,400 ያህል መኪና ይይዛል ይባላል፤ ከዚያ ሁሉ መኪና ግን እንዲህ ያለ ነገር ትቶ የሚወጣ አንድ እንኳ የለም።

አሁን ወደ ሦስተኛው እንምጣ።

በልጅ ተይዛ የምትቆም አህያ ሁለት አካል አላት፤ አህያዋና ልጁ። ልጁ ስምንት ዘጠኝ ዓመት ይሆነዋል። አባት የገመዱን ጫፍ ያስይዘውና «እዚቹ ጠብቀኝ፣ መጣሁ» ብሎ ሕዝቡ መካከል ይሰወራል። ከዚህች ቅጽበት ጀምሮ ልጁ የማቆሚያ ቆጣሪ ነው። ኦክላሆማ ሲቲ በ1927 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ በፈረንጆቹ 1935 መሆኑ ነው፣ በዓለም የመጀመሪያውን የማቆሚያ ቆጣሪ መንገድ ዳር ተከለች፤ ብረቱ አምስት ሳንቲም ሲጎርስ አንድ ሰዓት ይቆጥራል። የእኛው ቆጣሪም ሳይጎርስ አይሠራም። ልዩነቱ የሰዓቱ ርዝመት በሚጎርሰው ዓይነት መወሰኑ ነው።

ከረሜላ አጭሩ ነው። የሚመጥ ልጅ ከሆነ አባት ጨው ገዝቶ ለመመለስ ይበቃዋል። የሚቆረጥም ከሆነ ግን አባት ገና ዋጋ ሳይጠይቅ ጊዜው አልቋል። ብስኩት ከከረሜላ የተሻለ ቢሆንም ውሃ ያስጠማል፤ ውሃ የጠማው ቆጣሪ ደግሞ ገመዱን ለአጠገቡ ሰው አስይዞ ይሄዳል። ከሁሉም የሚበልጠው ሸንኮራ ነው። አንድ ክንድ ሸንኮራ ጨውና ሳሙና አስገዝቶ፣ ምስማር አስመርጦ፣ እቤት እናት ያዘዘችውን ክር ቀለሙን እስከ ማመሳሰል ያደርሳል። ልጁ ልጣጩን ለአህያዋ ይጥልላታል፤ እሷም ጆሮዋን ወደ እሱ አዙራ የሚቀጥለውን ትጠብቃለች። ሁለቱም ተከፍሏቸዋል። ተመራማሪ እንዲህ ያለ ቃል መጠቀም የለበትም እንጂ፣ ደስ ይላሉ።

ክፍያ ሳይፈጸም «ስመለስ እገዛልሃለሁ» የተባለ ልጅ የዱቤ ቆጣሪ ይባላል። የዱቤ ቆጣሪ መጀመሪያ ያኮርፋል፣ ቀጥሎ በአህያዋ አንገት ላይ ይደገፋል፣ በመጨረሻ ያለቅሳል። ልቅሶው ሲሰማ የገበያው ደንብ ማስከበር በሙሉ ይንቀሳቀሳል። «ምን ሆነህ ነው የኔ ጌታ? የማን ልጅ ነህ?» እያሉ እናቶች ይከቡታል። አንዲቱ ቆሎ ትዘግንለታለች። አባት ስልቻውን ተሸክሞ ብቅ ሲል ቅጣቱ እዚያው ይፈጸማል፦ «አንተ አያ፣ ልጅ ፀሐይ ላይ አቁመህ አንተ ጠላ ቤት ትቀመጣለህ? አታፍርም?» ጠላ ቤት አልገባሁም ብሎ መከራከር ይቻላል፤ አፉን የሸተተ ሁሉ ምስክር ስለሚሆን ግን የሚከራከር የለም። ይግባኝም የለውም።

አልፎ አልፎ የሚታይ አንድ ልዩ ዝርያ አለ፤ የራሱን ገመድ እንደያዘ የሌላውንም የሚቀበል ልጅ። አንዱ «ይቺንም ያዝልኝ ጎበዝ» ይለዋል፤ ሌላው ያያል፤ ተሲያት ላይ ልጁ የገመድ እቅፍ ይዞ፣ ክፍያውን በኪሱ ከትቶ፣ እንደ ሹም ቆሟል። ይህን ልጅ በጥቃቅንና አነስተኛ አደራጅተው፣ ሰደርያ አልብሰውና ካርኒ አስይዘው አስፋልት ዳር ቢያቆሙት፣ የአዲስ አበባው የፓርኪንግ ሠራተኛ ይሆናል። የሚጎድለው መኪናው ሊወጣ ሲል ብቻ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መከሰት ነው፤ ይህ ደግሞ በልምድ ይመጣል።

ወደ ግብይቱ ስንገባ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። አህያውን በልጅ ያስያዘ ገበያተኛ ሁልጊዜ ይቸኩላል። ልቡ ከገመዱ ጋር ስለሆነ ካጋጠመው የመጀመሪያ ሱቅ ይገዛል፤ «መጨረሻውን ንገረኝ» ይላል፣ ይነገረዋል፣ ይከፍላል። የአህያ መቆሚያው ፊት ለፊት ያሉ ባለሱቆች ይህን ያውቃሉ፤ ሚዛናቸውን ሲያነሱ የሚታይባቸው እርጋታ ከዚህ የመጣ ነው። ግቢ አስገብቶ የከፈለው ግን ሌላ ሰው ነው። ዋጋ ይጠይቃል፣ እቃውን ያገላብጣል፣ «አይ፣ ተወው» ብሎ ይሄዳል። ይህ መሄድ ከሙያዎች ሁሉ የረቀቀ ነው፤ እርምጃው ከፈጠነ ነጋዴው ተስፋ ይቆርጣል፣ ከዘገየ ደግሞ ይነቃበታል። ሳይዞር «ና እንጂ! ስንት ልትሰጠኝ ነው?» እስኪባል ይጠብቃል፤ ካልተጠራ ሦስተኛው ሱቅ ድረስ ሄዶ ይመለሳል። ልቅሶ የሚጠብቀው ሰው ይህን ሊያደርግ አይችልም። ለባለ ግቢዋ የከፈላትን ከአንድ ሱቅ ብቻ ያስመልሳታል፤ ከተማው ውስጥም እስከ ማታ ይውላል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። ክፍያ ገበያተኛን ያባርራል የሚለው አቤቱታ በአህያ ሲለካ የሚቆመው በአንድ እግሩ ነው።

እንዲያውም የኦክላሆማው ብረት የተተከለው የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው መኪናውን ጠዋት አቁሞ እስከ ማታ ሲተወው፣ ሊገዛ የመጣው ሰው ማቆሚያ እያጣ ስለተቸገረ ነው። እኛም ዘንድ ማለዳ አይሱዙውን ደጁ ላይ ገትሮ «ዛሬ ሰው የለም» እያለ የሚያዛጋ ባለሱቅ አይጠፋም። ዶናልድ ሹፕ የተባሉ አሜሪካዊ ፕሮፌሰር በፈረንጆቹ 2005 ባሳተሙት ከ700 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ፣ የማቆሚያ ዋጋ በየመንገዱ አንድ ሁለት ክፍት ቦታ እስኪያስተርፍ ድረስ ከፍና ዝቅ ይበል ብለዋል። ባለ ግቢዋ በዚህ አይስማሙም። «አንዲት አህያ ምን ቦታ ትፈጃለች? ግቡ፣ ግቡ» ይላሉ።

ስለ ቅጣት። ኦክላሆማ ላይ በቆጣሪው ሕግ መጀመሪያ የተያዙት ፓስተር እንደነበሩ ይተረካል፤ «ዝርዝር ፍለጋ ሱቅ ገብቼ ነው» ብለው ነጻ ወጥተዋል አሉ። ይህ መከላከያ እኛ አገር ለሁሉም ጥፋት ያገለግላል። አዲስ አበባ ላይ ያለ ቦታው ለቆመ መኪና የተገኘው መፍትሔ ታርጋ መፍታት ነው፤ ሰውዬው ገዝቶ ሲወጣ መኪናው አለ፣ ስሙ የለም። በዚህ የተነሳ እዚያ የሚገበይ ሰው አንድ ዓይኑ ሸቀጡ ላይ፣ አንድ ዓይኑ ካቻቢቴ በያዘው ትራፊክ ላይ ነው፤ ከልጁ አባት አይሻልም። የአህያ ቅጣት ከዚህ የቀለለ ነው። የሰው ገብስ በላች ይባላል፤ ባለ እህሉ ሦስት ጣሳ ነው ይላል፣ ባለ አህያው አፏንም አላስገባች ይላል፣ ሽማግሌ አንድ ጣሳ ይፈርዳል። አህያዋ አስተያየት አትሰጥም፤ ገና እያኘከች ነው።

ለበቅሎና ለባጃጅ የየራሳቸው ክፍል ታስቦ ነበር። ባለ በቅሎ ሁሉ በቅሎውን የትም ያስር ዘንድ መብት እንዳለው ስለሚያምን ጥያቄ አይቀበልም፤ ባጃጅ ደግሞ ቆሞ ስለማያውቅ ከጥናቱ ወጥቷል።

የከባድ ጭነት ክፍል ግን ከደቡብ ወሎ ሊቀር አይችልም። አጼ ቴዎድሮስ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር አስጎትተው፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል መንገድ እያስጠረጉ፣ ከግማሽ ዓመት ያህል ጉዞ በኋላ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ አድርሰዋል። መድፉ እስከ ዛሬ አምባው ላይ ነው፤ ማቆሚያ አልተከፈለበትም። በዚያው ዓመት ሚያዝያ እንግሊዞች ከህንድ ባስመጧቸው ዝሆኖች ታጅበው መጡ። የገበዩት ግን ሳይከፍሉ ነው፤ ታቦቱን፣ ዘውዱን፣ ብራናውን በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ጭነው ወርደው ደላንታ ሜዳ ላይ እርስ በርስ ተጫረቱበት። ለዚያ ሁሉ እንስሳ መቆሚያ የተቆረጠ ካርኒ እስካሁን አልተገኘም።

የሴባስቶፖል ቅጂ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ መሐል፣ ማንም መኪና ለአንዲት ደቂቃ ሊቆምበት የማይደፍረው ቦታ ላይ ቆሟል። ትራፊኮቹ በየቀኑ ያዩታል። ታርጋ ስለሌለው የሚፈታ ነገር አላገኙም።