የአያትዎን ዝናር ለሠርግ ከማውጣትዎ በፊት

አጎትዎ ለእኅትዎ ሠርግ ብለው ውጅግራውን ከግድግዳ አውርደው በቅባት ማሸት ከጀመሩ ነገሩ አብቅቷል። ደብረ ብርሃንም ይሁን አንኮበር፣ እዚህ የደረሰን ሰው «ይቅርብዎ» ብሎ የሚመልስ ሽማግሌ አይገኝም። ስለዚህ ልመናውን ይተዉትና ወደ ዝናሩ ይሂዱ።

ጥይቶቹን አንድ በአንድ አውጥተው ነጠላ ላይ ይደርድሯቸው። ውጅግራ ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ለጦራቸው ያወጡት፣ በእነሱ አጠራር «ግራ» የሚባለው ጠመንጃ ነው። እርሳሱ 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቀለሁ ናስ ነው። ናስ ደግሞ ቻይ ነው፤ ተተኩሶ አይጣልም፣ ተለቅሞ እንደገና ይሞላል። አያቶቻችን ይህን ያደርጉ ነበር፤ ባሩድ ለአንኮበር እንግዳ ነገር አልነበረም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በዘመናቸው ባሩድ ያሠሩ ነበር፤ ዲኑም ከአፋር ቆላ፣ ከዶፋን እሳተ ገሞራ ይመጣላቸው ነበር። ፈረንሳዊው ተጓዥ ሮሼ ዴሪኩር እጅ መንሻ ይዞ ሲመጣ ከገጸ በረከቱ አንዱ የባሩድ ወፍጮ ነበር። ንጉሥ ምን እንደሚወድ ጠይቆ የመጣ ብልህ እንግዳ ይመስለኛል።

አሁን መነጽርዎን ያድርጉና የአንዱን ጥይት ቂጥ ወደ መስኮቱ ያዙሩት። መሐል ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ላይ የመምቻ ምልክት ካዩ፣ ያ ጥይት አንድ ጊዜ ተጠይቆ እምቢ ብሏል። ሠርግ ላይ ሐሳቡን እንዲቀይር አይለምኑት። ቀጥሎ አንገቱን ይዩ፤ ናስ በተተኮሰና በተሞላ ቁጥር እየደረቀ ይሄዳል፣ በመጨረሻም ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ያወጣል። እርሳሱ በቢላ የተስተካከለ፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ወይም ዙሪያውን አረንጓዴ ዝገት የያዘ ከሆነም ይለዩት። ፋብሪካው 5.25 ግራም ጥቁር ባሩድ ነበር የሚያጎርሰው። እንደገና የሞላው ሰው በምን እንደሰፈረው ግን ምስጢሩ አብሮት ተቀብሯል።

«የኛ እኮ የእጅ ሙያ አይደለም፣ ራምቦ ራሱ ያመጣው ነው» የሚል ዘመድ አይጠፋም። በአክብሮት ያዳምጡት። ገጣሚው አርተር ራምቦ በየካቲት 1887 እ.ኤ.አ. አንኮበር ሲገባ 2,040 ባለ ካፕሱል ጠመንጃና 60,000 የሬሚንግተን ጥይት ይዞ ነበር። የውጅግራ ጥይት አልነበረበትም። ዘመድዎ የያዘው በእውነት ራምቦ ያመጣው ከሆነ፣ አጎትዎ ጠመንጃ ውስጥ የሚያስገቡት ምክንያት የለም።

እነዚህ ጥይቶች ዝናሩ ውስጥ እንዴት ገቡ? ይህን ሳያውቁ ማመን የለብዎትም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በተከታዩ መጀመሪያ ላይ የውጅግራ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ገንዘብ ነበር፤ ገበያ ወጥቶ ዕቃ ይገዛ ነበር። እንግዲህ ያስቡት። አንድ ሰው አሥር ጥይት ይዞ አልዩ አምባ ገበያ ይወርዳል። አምስቱ ደህና ናቸው፣ አምስቱን ይጠረጥራል። በርበሬ የሚገዛው በየትኞቹ ይመስልዎታል? በርበሬ ሻጩም ሞኝ አይደለም፤ የተጠረጠረውን ተቀብሎ ለጨው ነጋዴው ያሳልፋል። ገንዘብ የሆነ ጥይት አይተኮስም፤ ካልተተኮሰ ደግሞ ውሸቱ አይወጣም። ደህናው ጦር ሜዳ ሄዶ አለቀ፤ አጉሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖረ። አያትዎ ደግሞ ጨዋ ሰው ነበሩ። የሰጧቸውን ጥይት «ይህ አይሆንም» ብለው አልመለሱም።

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራው ግን «አሮጌው ባሩድ ነፍሷል፣ አንድ ጎበዝ ልጅ በአዲስ ሞላልኝ» የሚለው ነው። ይህን ከሰሙ ስጦታዎን አስረክበው ድንኳኑን ለቀው ይውጡ። ፖል ቪየይ የተባለ ፈረንሳዊ በ1884 እ.ኤ.አ. ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ እኛ ለበን ያልነው ጠመንጃ በሱ ተሠራ። ይህ ባሩድ ከጥቁሩ እጅግ ይበረታል። ጎበዙ ልጅ በጥቁሩ ባሩድ ስፍር ከሞላው፣ ውጅግራው የሚፈነዳው አፈሙዙ ጋ ሳይሆን አጎትዎ ጉንጭ ሥር ነው።

ይህን ሁሉ ነግረዋቸው አሁንም እተኩሳለሁ ካሉ፣ ሁለት ነገር ያስምሏቸው። ቃታው ተስቦ ጥይቱ ከከሸፈ፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት እንዳቀኑ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይቁሙ። ዘግይቶ የሚነሣ ጥይት አለ፤ አጎትዎ ደግሞ የመጀመሪያ ሐሳባቸው «ምን ነካው?» ብለው በአፈሙዙ ማየት መሆኑን እርስዎም እኔም እናውቃለን። ሁለተኛ፣ ድምፁ እንደወትሮው «ድው» ሳይል «ቡፍ» ካለ እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ ተወትፎ ሊሆን ይችላል። ታዳሚው በዚያች ሰዓት እየሳቀ «ድገም! ድገም!» ይላል። የሚደገመው ጥይት መውጫ ስለሌለው በርሜሉን ይተረትረዋል። ከታዳሚው መካከል ለሕክምና የሚያዋጣ እንዳለ አስቀድመው ይመዝግቡ።

ሕጉንም መጥቀስ ደግ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ አድርጎታል፤ «የአያቴ ነው» ማለት ፈቃድ አይሆንም። አጎትዎ ግን አዋጅ የሚፈሩ ሰው ቢሆኑ ኖሮ እርስዎም እዚህ ድረስ አያነቡም ነበር።

ስለዚህ ከሠርጉ ቀደም ብለው፣ ውጅግራው በቅባት ሲታሽ፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ስለ ዝናሩ ይንገሩና እንዴት እንደሚረከቡዎት ይጠይቁ፤ ጥይቶቹን ለመፍታት ወይም እሳት ላይ ለመጣል እንዳይሞክሩ። በባዶው ጠመንጃ ይፎክሩ፤ ፉከራ ባሩድ አይፈልግም። ድምፅ የግድ ካስፈለገ ከቡሄ የተረፈ ጅራፍ ለአንድ እረኛ ልጅ ሰጥተው ከድንኳኑ ጀርባ ያቁሙት፤ አጎትዎ ቃታ ሲስቡ እሱ ያጩኸው። ከፖሊስ ጣቢያው ደረሰኝ መቀበልዎን አይርሱ። አጎትዎ ሰኞ ጠዋት ይጠይቃሉ።