ለትዳር ጓደኛ መስፍ ስለ መስጠት፤ ከአዳሚ ቱሉ የተነሣ ጥናት

ለትዳር ጓደኛ ስለሚሰጥ ስጦታ ሲወራ ነገሩ ከወርቅ፣ ከሽቶና ከአበባ አያልፍም። ቀጥቃጭ የጋለ ብረት አስቀምጦ የሚደበድብበትን ያንን ድፍን ብረት፣ ማለትም መስፉን፣ ባል ለሚስቱ ወይም ሚስት ለባሏ ቢሰጡስ? ጥያቄው ቀላል ነው። ስጦታው ቀላል አይደለም።

የጥናቱ ቦታ አዳሚ ቱሉ ነው። ከባቱ በስተ ደቡብ፣ በሻሸመኔ መንገድ ላይ ያለችው ይህች ከተማ የተመረጠችው በበቂ ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የግብርና ምርምር ማዕከል ስላላት ተመራማሪ ሲመጣ ማንም አይደነግጥም። ሁለተኛ፣ ከዝዋይ ሐይቅና ከቡልቡላ ወንዝ ውሃ እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ ባለበት ዶማ መደነዙ አይቀርም፤ የደነዘ ዶማ ባለበት ደግሞ መስፍ አይጠፋም።

አስቀድሞ ዕቃውን እንወቀው። ቀንድ ያለውና በሥዕል የምናውቀው መስፍ በእኛ አገር ብርቅ ነው። በየብየዳ ቤቱ ደጃፍ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ወይም የከባድ መኪና አሮጌ ብረት ነው። የጅቡቲው ባቡር ሞጆንና አዳማን አልፎ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሐዲዱ ቁራጭ በማን በማን እጅ እንደ ዞረ መመርመር ከዚህ ጥናት ወሰን ውጭ ነው። ሻጩም ባይጠየቅ ይመርጣል። ጥሩ መስፍ መሆኑን ለማወቅ የኩሽኔታ ኳስ ከላይ ይጣልበታል፤ ኳሷ ከፍ ብላ ከነጠረች ብረቱ ጠንካራ ነው፣ እዚያው ተኝታ ከቀረች ለስላሳ ነው። ለወርቅ እንዲህ ያለ ቀላል ፈተና ባለመኖሩ ብዙ ትዳር በጥርጣሬ ይኖራል።

ዋናው ችግር ማሸጊያው ነው። አንድ ሊትር የሚያህል ብረት 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ 50 ኪሎ የሚመዝን መስፍ ከ6 ሊትር ተኩል ያነሰ ቦታ ይበቃዋል፤ ከአምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ብዙም አይበልጥም። ክብደቱ ግን የአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ነው። ሚስት አብረቅራቂ ወረቀት የለበሰ መለስተኛ ካርቶን ስታይ ብሌንደር ይመስላታል፤ በአንድ እጇ ላንሣው ትላለች። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ለማየት አጥኚው ራቅ ብሎ መቆም አለበት። በክብደቱ ለሚያማርሩ ግን ታሪክ አለን፤ የአፄ ቴዎድሮስ ሰዎች ጋፋት ላይ የተሠራውን 7 ቶን ገደማ የሚመዝን ሴባስቶፖል መድፍ ከደብረ ታቦር መቅደላ ድረስ ጎትተዋል። ከቃሊቲ መናኸሪያ አንድ መስፍ ለማስጫን ከረዳቱ ጋር መከራከር ያን ያህል አይከብድም።

ሕጉ ደግሞ ከብረቱ ይከብዳል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2427 ስጦታን ውል ይለዋል። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 73 ባልና ሚስት በትዳር ላይ ሳሉ የሚዋዋሉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ ያነበበ ሰው እንደሚረዳው፣ ሚስቱን በልደቷ ቀን ያስደነቀ ባል በሕግ ዓይን ገና ምንም አልሰጠም። ይህ አዋጅ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው፤ የአዳሚ ቱሉ ባል የኦሮሚያን የቤተሰብ ሕግ ማገላበጥ ይኖርበታል። በዚያው በፌዴራሉ ሕግ በስጦታ የተገኘ ንብረት የተቀባዩ የግል ሲሆን፣ ከግል ንብረት የሚገኘው ገቢ ግን የጋራ ነው። መስፉ የእሷ፣ መስፉ ላይ የተሳለው ዶማ ዋጋ የሁለቱም ማለት ነው። ከወርቅ ይልቅ መስፍ የሚመርጥ ባል ሕግ ሳያነብ አልቀረም።

ይህ ወደ ስጦታ ንድፈ ሐሳብ ያደርሰናል። በበዓል ዋዜማ ለሚስቱ ኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝቶ የሚገባ ባል ለራሱ እንጀራ ነው የገዛው። ወርቅ የሚገዛው ለጎረቤትና ለአማት ዓይን ነው፤ ሚስት ተሸካሚ ናት። መስፍ ላይ ግን ዶሮ አይሠራም፣ ተጠልቆም ሠርግ አይኬድበትም። ብረት መቀጥቀጥ ከሚወድ ሰው በቀር ለማንም አይጠቅምም። በዚህ ጥናት ሚዛን፣ ተቀባዩን ብቻ አስቦ የተገዛ ስጦታ ይሄ ነው። ሚስት ለባሏ ስትሰጠው ግን ትርጓሜው ይለወጣል፤ ብዙ ጊዜ «ከሶፋው ተነሣ» ማለት ነው።

ፈረንጆች በዚህ ቀድመውናል። በስኮትላንድ ድንበር ላይ ያለችው ግሬትና ግሪን በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1750ዎቹ ጀምሮ የእንግሊዝን ጥብቅ የጋብቻ ሕግ ሸሽተው የሚጠፉ ጥንዶች መጠጊያ ሆና ነበር። አጋቢው ቀጥቃጭ እንደ ነበር ይነገራል፤ መስፉን በመዶሻ መትቶ ተጋብታችኋል ይላቸዋል። በልማዳቸውም 6ኛው የጋብቻ ዓመት የብረት ነው። ለእኛ ሰው 6 ዓመት መጠበቅ አይመከርም፤ ብረት የሚቀጠቀጠው እንደ ጋለ ነው።

እኛ ግን መስፉን ወደ ትዳር ማስገባቱን ትተን ቀጥቃጩን ራሱን ከትዳር ስናስወጣ ኖረናል። በማረሻው አርሰን፣ በማጭዱ አጭደን፣ በቢላዋው በግ አርደን፣ ልጃችንን ግን አንሰጠውም። በደጋውም በቆላውም፣ ጠይብ ተባለ ቱምቱ፣ ዕጣው ያው ነው። በብዙ ቦታ ባል ብረት ሲቀጠቅጥ ሚስት ሸክላ ትሠራለች፤ የሚጋቡትም እርስ በርሳቸው ነው። ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል። ቀኑን ሙሉ መዶሻ ሲያነሣና ሲጥል የዋለ ሰው ሌሊት ጅብ ሆኖ የሚሮጥበትን ጉልበት ከየት እንደሚያመጣ ግን ያሰላ የለም። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ሽማግሌ ሲላክ ዘር የሚቆጥር ቤት ዛሬም አለ። የዚያው ቤት ልጅ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ብረታ ብረት ተምራ፣ መነጽር አድርጋ ብየዳ ስትበይድ ግን እናቷ ለዕድርተኛው ሁሉ «ኢንጂነር ልጄ» ትላለች። እሳቱም ብረቱም ያው ነው፤ የተጨመረው ሰርተፊኬት ነው።

ባሎች ከመግዛታቸው በፊት አንድ ነገር ማወቅ አለባቸው። በአርሲ ኦሮሞ ልማድ ሴት ልጅ ስታገባ እናቷ ሲንቄ ትሰጣታለች። ቀጭን በትር ናት። ሚስት ስትበደል የመንደሩ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በዳዩም ጥፋቱን አምኖ ካሣ እስኪከፍል አይመለሱም። እንግዲህ 50 ኪሎ ብረት አስጭኖ ግቢ የሚገባው ባል፣ ከዚያ የሚከብድ ነገር በቤቱ ቀድሞ እንደ ገባ ይወቅ።

የጥናቱ ፍርድ፦ መስፍ ለትዳር ጓደኛ ተገቢ ስጦታ ነው። የምትገዙ ሰዎች፣ የምትኖሩት በኪራይ ከሆነ ለአከራያችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ድምፁ ሦስት ግቢ ይሻገራል። ከባጃጁ የሚያወርዱላችሁን ልጆች ዋጋ ከማስጫናችሁ በፊት ተነጋገሩ። ስጦታውን ለማጸደቅ ፍርድ ቤት ስትሄዱ ደግሞ ውሉን ብቻ ያዙ፤ መስፉን ቤት ተዉት።